ስድስት ሻንጣና አንድ ሙሉ ቤት

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ። ባለቤቴ ካልጋሪ፣ ካናዳ ከሄደ አራት ዓመት ሆነው። አሁን የእኔና የልጆቼ ቪዛ ወጥቶልን ጥር መጀመሪያ ላይ እንበራለን። ሴቷ 9፣ ወንዱ 5 ዓመቱ ነው። ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ቤቱን ሳየው ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። የ11 ዓመት ትዳር ዕቃ ነው። ባለቤቴ ‹ሁሉንም ሽጪና ነይ፣ እዚህ የሌለ ነገር የለም› ይላል። አማቴ ደግሞ ‹የልጄ የትዳር ዕቃ ገበያ አይወጣም። እኔ ግቢ ያለው ሰርቪስ ባዶ ነው፣ እዚያ ይቆለፍበት› ብለዋል። ከእናቴ የቀረኝ መሶብና ጀበና፣ ከአባቴ የቀረኝ የብራና ዳዊት አለ። ቡፌው ደግሞ ብርጭቆ በብርጭቆ ነው። ለሦስታችን የተፈቀደልን ስድስት ሻንጣ ብቻ ነው። የሥራዬ ነገርም ያሳስበኛል፤ አካውንታንት ነኝ። ቤት የምታግዘኝ ልጅም አራት ዓመት አብራን ኖራለች። ከየት ልጀምር?
ግራ የገባት፣ ከጀሞ»

መልስ፦

እኅቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሁለት ልጅ ይዞ አራት ዓመት ብቻን መቆየት ምን ያህል እንደሚከብድ ደብዳቤሽ ባይናገርም ይገባኛል። አሁን የቀረሽ ሰባት ሳምንት ያህል ነው። ከዛሬ ከጀመርሽ ይበቃሻል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? በመጨረሻው ሌሊት የታሰረ ሻንጣ ቦሌ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ መሬት ላይ ይፈታል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሻንጣ ውስጥ ምን እንደሚገባ ነው። አንቺ ግን ከባዱን ነገር አስቀድመሻል፤ ስለሚቀረው ዕቃ ጽፈሻል። እኔም ከዚያው ልጀምር።

ሐሳቤን በግልጽ ልንገርሽ። ሰርቪሱ ውስጥ ምንም ነገር አትቆልፊ። የሚሸጠውን ሽጪ፣ የሚሰጠውን ስጪ። «ስመለስ» ብለሽ የምታስቀምጪው ሶፋ፣ አልጋና ፍሪጅ ግን አይኑርሽ።

የተቆለፈበት ዕቃ ምን እንደሚሆን አስቢው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ እርጥበት ይገባል። ጋቢውንና ምንጣፉን ብል ይበላዋል። ሶፋው ውስጥ አይጥ ይወልዳል። ፍሪጁ ሳይሠራ ሦስት ዓመት ሲቆም የበሩ ጎማ ይደርቅና የሚገዛው ሰው ያጣል። ይህ የዕቃው ጉዳት ነው፤ የሰው ጉዳት ደግሞ አለ። አማትሽ ሰርቪሱን ቢያከራዩ በየወሩ እጃቸው ላይ ብር ይገባ ነበር። ከአገር ቤት የመጣ የዘመድ ልጅ መሬት ላይ አንጥፎ ሲተኛ፣ ግድግዳው ማዶ የአንቺ ባለ ሁለት አልጋ ተቆልፎበታል። ማንም አይነካውም፤ «የእነሱ ዕቃ ነው» ይባላል። ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ስልክ ይደወልልሻል። ካልጋሪ ሆነሽ ስለ ሶፋ ትጨነቂያለሽ።

አንቺ ደግሞ ስትመለሺ የምትመጪው ለሦስትና ለአራት ሳምንት ነው፣ ለዚያውም ለሰርግ ወይም ለበዓል። ያን ጊዜ ያ ሶፋ ምን ይሠራልሻል? ለኑሮ ጠቅልላችሁ ብትመለሱ እንኳ ልጆቹ አድገው፣ ቤቱም ሌላ ሆኖ ነው።

ባለቤትሽ «ሽጪና ነይ» ሲል በሂሳቡ ልክ ነው። የዘነጋው እናቱን ነው። አማትሽ ስለ ሶፋ የተናገሩ አይመስለኝም። ልጃቸው ከሄደ አራት ዓመት ሆነው፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው ሊሄዱ ነው። ዕቃው ሰርቪስ ውስጥ ካለ እናንተ ትመለሳላችሁ፤ ዕቃው ከተሸጠ ግን ነገሩ አበቃ ማለት ነው ለእሳቸው። ስለዚህ ከእሳቸው ጋር ስለ ዋጋ፣ ስለ አይጥና ስለ እርጥበት አትከራከሪ። ብትረቺያቸውም ትከፊያለሽ።

መጀመሪያ ባለቤትሽ ራሱ ይደውልላቸው። እናቱ ናቸው፤ ይህ የእሱ ሥራ እንጂ የአንቺ አይደለም። «እማዬ፣ የሸጥነው ዕቃ ነው እንጂ አንቺን አይደለም፣ እንመጣለን» ብሎ በራሱ አፍ ይንገራቸው። ከዚያ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ፤ ወይም ቤትሽ ጥሪያቸውና ቡና አፍልተሽ ቤቱን ዞረው እንዲያዩ አድርጊ። «እማማ፣ መጀመሪያ እርስዎ የሚፈልጉትን ይምረጡ» በያቸው። የመረጡትን ስትሰጪያቸው እንዲጠብቁልሽ አይሁን፣ እንዲገለገሉበት ይሁን። «ይህ የእርስዎ ነው፣ ቢፈልጉ ይጠቀሙበት፣ ቢፈልጉ ለሰው ይስጡት» የሚለውን ቃል ከአፍሽ ይስሙት። ቡፌውን የሚወስዱት ይመስለኛል። ይውሰዱት።

ቡፌውን ካነሳን ብርጭቆዎቹን እንይ። ከፍተሽ ብታይ ታች ያለው ረድፍ ላይ ከሰርግሽ ዕለት ጀምሮ ተለጣፊው ሳይነሳለት የኖረ ብርጭቆ ታገኛለሽ። ከበዓል በቀር ያልወጣ ሲኒ አለ። እንግዳ ይመጣል ተብሎ የተቀመጠ ሳህን አለ። እነዚህን እጠቢና ከዛሬ ጀምሮ ተጠቀሚባቸው። ልጆቹ ወተታቸውን በክሪስታሉ ይጠጡ። ሽኝቱ ቀን ጎረቤቱን ሁሉ በእነሱ አጠጪ፤ ሲወጡ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ስጪ። ለብርጭቆ ገዢ ፍለጋ ጊዜ አታባክኚ፤ የሚያወጣው ዋጋ ለድካሙ አይበቃም።

አሁን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ብቻ ወደ ሰጠሻት ልጅ ልምጣ። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበችኝ እሷ ናት። አንቺ በምትበሪበት ቀን እሷ ሥራዋን፣ የምትተኛበትን ክፍልና ያሳደገቻቸውን ሁለት ልጆች በአንድ ቀን ታጣለች። ቀኑን ካልነገርሻት አሁኑኑ ንገሪያት። በመጨረሻው ሳምንት ከሰው አፍ ከሰማችው በጣም ያሳዝናል። ደመወዟን አንቺ ጋ የምታጠራቅም ከሆነ በስሟ የባንክ ደብተር ይውጣላትና ብሯ ይግባላት። ለዚህ የፋይዳ መታወቂያ ያስፈልጋታል፤ ከሌላት በዚህ ሳምንት ወስደሽ አስመዝግቢያት። ከደመወዟ በላይ የምትችይውን ያህል ጨምረሽ ስጫት። የሥራ ባልደረቦችሽንና ጎረቤቶችሽን ጠይቀሽ የምታውቂው ደህና ቤት ፈልጊላት፤ ስለ እሷም በጽሑፍ መስክሪላት፣ ስልክሽን ጨምረሽ። ዕቃ ልትሰጫት ስታስቢ ደግሞ መጀመሪያ ጠይቂያት። ቤት ልትከራይ ካሰበች ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምድጃና ድስት ያስፈልጋታል፤ ዋናውን ስጫት እንጂ የተሰበረውን አትለይላት። አገሯ ልትገባ ከሆነ ግን በአውቶቡስ የምትጭነው ፍራሽ ሸክም ነው፤ ብር ይሻላታል።

ሽያጩ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ብቻ በደንብ ያዢ፤ የምትሄጂበትን ቀን ለገዢ አትንገሪ። «መሄዷ ነው» የሚል ወሬ ከወጣ ገዢው ቁጭ ብሎ የመጨረሻዋን ሳምንት ይጠብቃል፣ ያን ጊዜ ሶፋሽን በግማሽ ዋጋ ያነሳዋል። ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሺ። መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤት ሰዎችና በኮንዶሚኒየማችሁ የቴሌግራም ግሩፕ አሳውቂ፤ ደላላ የመጨረሻ ምርጫሽ ይሁን። ፍሪጅ፣ ምድጃና ፍራሽ እስከ መጨረሻው ስለሚያስፈልጉሽ አሁን ተስማሚና ቀብድ ተቀበዪ፤ የሚነሱበትን ቀን በጽሑፍ ያዙ። ለቴሌቪዥንና ለሶፋ ግን አትጠብቂ። የተረፈውን ፕላስቲክ፣ ጀሪካንና ብረታ ብረት ቆራሌውና ልዋጭ የሚለው ልጅ ይወስዱልሻል። ደህና የሆነውን ልብስና ብርድ ልብስ መቄዶንያ ብትወስጂው አረጋውያኑ ይለብሱታል። መጻሕፍት ካሉሽ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ጠይቂ፤ ወይም ለልጆችሽ ትምህርት ቤት ስጪ።

እንግዲህ ወደ ሻንጣው እንምጣ።

ወደ ካናዳ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ የሚሄድ ሰው የሚፈቀድለት ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ለሦስታችሁ 138 ኪሎ ይሆናል። ባዶው ሻንጣ ራሱ አራትና አምስት ኪሎ ስለሚመዝን ለዕቃ የሚቀርልሽ 110 ገደማ ነው። በእጅ ደግሞ ለአንድ ሰው ሰባት ኪሎ። ቲኬትሽ ላይ የተጻፈውን ግን ራስሽ አንብቢው፤ የሚሠራው እሱ ነው። ቲኬቱ እስከ ካልጋሪ ድረስ በአንድ የተቆረጠ መሆኑንም አረጋግጪ። ከቶሮንቶ ካልጋሪ ያለው በረራ ለብቻው ከተገዛ የአገር ውስጡ አየር መንገድ በራሱ ሕግ ለስድስቱም ሻንጣ ሊያስከፍልሽ ይችላል። ተንጠልጣይ ሚዛን ከጎረቤት ተዋሺ ወይም ግዢ። እያንዳንዱን ሻንጣ 22 ኪሎ ላይ አቁሚው። ተርሚናሉ ላይ ሻንጣቸውን ዘርግፈው ሽሮ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውሩ እናቶችን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ለመሰናበት የተረፈቻቸው ግማሽ ሰዓት በሽሮ ታልቃለች።

መጀመሪያ የሚታሰረው ወረቀት ነው፣ እሱም ከእጅሽ አይለይም። ፓስፖርቶቹ፣ የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫው፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት ማስረጃ ማኅተም ያለው ሆኖ፣ መንጃ ፈቃድሽ። ልጆቹን ያለ አባታቸው ይዘሽ ስለምትወጪ የባለቤትሽ የፈቃድ ደብዳቤ ልትጠየቂ ትችያለሽ፤ አሁኑኑ አረጋግጦ ይላክልሽ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለም ከነማዘዣው በእጅ ይሁን። ሁሉንም በስልክሽ ስካን አድርገሽ ኢሜይልሽ ላይ አስቀምጪ፤ አንድ ቅጂ ለእኅትሽ ወይም ለወንድምሽ ተዪ።

የሥራሽ ነገር ግን ከሁሉ ይቀድማል። አካውንታንት ነሽ። ካናዳ ውስጥ ዲግሪሽ ተገምግሞ እንዲታወቅልሽ ስትጠይቂ ገምጋሚው ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ታሽጎ እንዲላክለት ይፈልጋል። እጅሽ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይበቃም። ይህን እዚህ ሆነሽ ሬጅስትራር ቢሮ ተመላልሰሽ ትጨርሺዋለሽ፤ ካልጋሪ ሆነሽ ግን ሰው ልከሽ፣ ሰው አስለምነሽ ነው። መሥሪያ ቤትሽም የሥራ ልምድሽን በእንግሊዝኛ፣ ከቀን እስከ ቀን፣ የሥራ መደብሽንና የሠራሽውን ዘርዝሮ ይጻፍልሽ። ክሊራንስሽንም ጨርሰሽ ውጪ። ሶፋው ሳይሸጥ ቢቀር ያናድድሻል እንጂ አይጎዳሽም፤ ይህ ወረቀት ቢቀር ግን ዓመት ያስከፍልሻል።

ውክልናም አትርሺ። የባንክ ሂሳብ፣ የኮንዶሚኒየም ቁጠባ፣ የውርስ ጉዳይ፣ መኪና፣ ማንኛውም ያላለቀ ነገር ካለሽ ለምታምኚው ሰው ውልና ማስረጃ ሄደሽ ውክልና ስጪ። ከካናዳም በኤምባሲው በኩል ይሠራል፤ ግን ይረዝማል፣ ያስወጣል። ውክልናው የተሰጠበትን ጉዳይ በስም ይጥቀስ፤ «ሁሉንም» የሚል ውክልና ለማንም አትስጪ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምርልሽ። ካናዳ ለመኖር መጀመሪያ ስትገቢ የዕቃሽን ዝርዝር ለድንበር አገልግሎቱ ታቀርቢያለሽ። ዝርዝሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ይዘሽው የገባሽው፣ ሌላው በኋላ የሚመጣልሽ። የራስሽ የነበረና ከመሄድሽ በፊት የተገለገልሽበት ዕቃ ከሆነ ያለ ቀረጥ ይገባል። በኋላ የሚመጣው ግን በመጀመሪያው ቀን ካልተመዘገበ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ስለዚህ የእናትሽ መሶብ ዛሬ ባይገባ እንኳ ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ጻፊው። ወርቅሽን ፎቶ አንሺውና ምን ምን እንደሆነ ግለጪው። የገንዘብ ነገር ደግሞ 10,000 የካናዳ ዶላርና ከዚያ በላይ የያዘ ሰው ያስመዘግባል።

ምግብ ላይ ሁሉም ሰው አብዝቶ ይይዛል። ካልጋሪ የሐበሻ ሱቅ አለ፤ እንጀራውም፣ ጤፉም፣ ሽሮውም ይሸጣል። የማይሸጠው በአንቺ እጅ፣ በቤተሰብሽ ምጥን የተዘጋጀው በርበሬ ነው። ሦስት አራት ኪሎ በርበሬ፣ ሁለት ኪሎ ምጥን ሽሮ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ፣ በሶ ለልጆቹ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና ጥቁር አዝሙድ ያዢ። ጤፍ አትሸከሚ። ቅቤም ይቅር፤ እዚያ ጨው የሌለበት ቅቤ ገዝተሽ በኮሰረቱና በኮረሪማው ታነጥሪዋለሽ። ቋንጣና ሥጋ ነክ ነገር ጨርሶ አትያዢ። ለመትከል የሚሆን ዘርና ችግኝም እንዲሁ። በርበሬውና ሽሮው አየሩ ወጥቶለት በሁለት ላስቲክ ይታሸግ፤ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፍበት። ስም የሌለው ቀይ ዱቄት ለፈታሹም ለአንቺም ጭንቀት ነው። ዱቄት ሁሉ የሚላክ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ በእጅ አይያዝ። ስትገቢ ደግሞ የያዝሽውን ምግብ በሙሉ ተናገሪ። የተናገርሽው ነገር የማይፈቀድ ቢሆን ይወስዱታል፤ የደበቅሽው ግን ያስቀጣሻል።

የኤሌክትሪክ ዕቃ በአጭሩ። እዚህ 220 ቮልት ነው፣ ካናዳ 120። ስለዚህ ምጣዱ፣ ካውያው፣ የሻይ ማፍያውና ጁስ መፍጫው ይሸጡ። ስልክና ላፕቶፕ ግን ቻርጀራቸው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ሶኬቱን መቀየር ብቻ ነው።

ልብስ ላይ ትልቁ ስህተት መርካቶ ሄዶ ወፍራም ጃኬት መግዛት ነው። ካልጋሪ በጥር ከዜሮ በታች 20 እና 30 ሊወርድ ይችላል፤ ለዚያ ቅዝቃዜ የሚሆነው ጃኬትና ቦት ጫማ እዚያው ነው የሚገዛው። የልጆቹን የእግር ቁጥር ለክተሽ ለባለቤትሽ ላኪለት፤ ለሦስታችሁም ጃኬት፣ ቦት፣ ኮፍያና ጓንት ይዞ ኤርፖርት ይጠብቃችሁ። ለጉዞው ሹራብና ሽፍን ጫማ ይበቃል። የሐበሻ ቀሚስሽንና ነጠላሽን፣ የልጆቹን የጥምቀት ልብስ ያዢ። ጋቢ አንድ፣ ቢቻል ሁለት። ይከብዳል፣ ቦታም ይይዛል፤ ግን ክረምቱ ሲገባ ቤት ውስጥ የምትፈልጊው እሱን ነው። አንዱን በእጅ ይዘሽ አውሮፕላን ውስጥ ልጆቹን አልብሻቸው። የቢሮ ልብስሽን ግን ከሁለት በላይ አትያዢ።

አሁን የእናትና የአባትሽ ነገር። እዚህ ላይ ኪሎ አልቆጥርም።

ጀበናው ይሂድ። በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ውስጡ ካልሲ ተሞልቶ፣ በእጅ ቦርሳሽ። ስድስት ሲኒም አብሮት ይሂድ። ረከቦቱ ይቅር። መሶቡ ቀላል ነው፣ ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ካስገደድሽው ደግሞ ይሰነጠቃል። እኅት ካለሽ ለእሷ ስጪ፣ እንጀራ ይቀመጥበት፣ ቤተሰብ ይብላበት። አንድ ቀን ሰው ሲመጣ ይላክልሽ ይሆናል፤ ዝርዝሩ ላይ ጽፈሽዋል። ከእናትሽ ትንሽ ሙዳይ ካለ ግን ከነክዳኑ ይሂድ፣ ውስጡ ወርቅሽንና ክር መርፌሽን አድርጊበት። ፎቶዎቹን ከአልበም አውጫቸው። የሚከብደው አልበሙ ነው፣ ፎቶው አይደለም። ጀርባው ላይ ማን እንደሆነና ዓመቱን በእርሳስ ጻፊ፤ ልጆችሽ ነገ አያታቸው የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቁት በዚያ ነው። የሰርጉን ሲዲም ወደ ፍላሽ አስገልብጪ።

የብራና ዳዊቱ ሌላ ጉዳይ ነው። በእጅ የተጻፈ ብራና በአገራችን ሕግ ቅርስ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የአባትሽ መሆኑ፣ አንቺም ወርሰሽው መሆኑ ይህን አይቀይረውም። ሻንጣ ውስጥ ደብቀሽው ቦሌ ላይ ቢገኝ ዳዊቱንም ታጪዋለሽ፣ ጉዞሽም ይበላሻል። ልትይዢው ከፈለግሽ አስቀድመሽ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሄደሽ ጠይቂ። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን እዚሁ ይቅር እላለሁ። ወንድምሽ ወይም አጎትሽ የሚደግምበት ከሆነ ለእሱ፤ የሚያነበው ሰው ከሌለ አባትሽ ይሳለሙበት ለነበረው ቤተ ክርስቲያን። ገጾቹን በሙሉ፣ በመስኮት ብርሃን፣ አንድ በአንድ ፎቶ አንሺያቸው። አባትሽ ኅዳጉ ላይ የጻፉት የልደት ቀን ወይም የሙት ዓመት ካለ እሱን ለይተሽ አንሺው። ለጸሎት የታተመውን ዳዊት ይዘሽ ሂጂ።

ስለ ሰው ዕቃ ካልነገርኩሽ ምክሬ ጎደሎ ነው። የመሄጃ ቀንሽ ሲታወቅ «አንድ ኪሎ ብቻ» የሚል ሰው ይበዛል። የባለቤትሽ ጓደኞች እናቶች፣ የጎረቤት ዘመድ፣ አንዳንዴም በስልክ ብቻ የምታውቂው ሰው። አንቺ ደግሞ እንቢ ማለት የሚከብድሽ ትመስይኛለሽ። ዛሬውኑ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩና መልሱ አንድ ይሁን፤ «ሦስት ሰው ነን፣ ለራሳችንም አልበቃንም»። እውነት ነው፣ ሐሰት የለበትም። እምቢ የማትይው የቅርብ ሰው ከመጣ ተከፍቶ፣ አይተሽው፣ በራስሽ እጅ ታሽጎ ይግባ። ታሽጎ የመጣ ነገር፣ የሰው መድኃኒትና የማታውቂው ዱቄት ከማንም አትቀበዪ። ጫት ካናዳ ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ደርቆም ተፈጭቶም ያው ነው። በመጨረሻው ሰዓት ኤርፖርት በር ላይ «ለእናቴ ልጅ ናት» እያለ የሚያቀብልሽን ሰው፣ ቢያለቅስም፣ አትቀበዪው። ሻንጣው በስምሽ ነው። አብረውሽ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉ።

ልጆቹን ሳላነሳ አላልፍም። ለእያንዳንዳቸው አንድ የጀርባ ቦርሳ ስጫቸውና ውስጡን ራሳቸው ይሙሉት። አምስት ዓመቱ ልጅ የተሰበረ መኪና ቢመርጥ ይያዘው። የልጆችን ዕቃ ተኝተው ሳሉ አትስጪባቸው። ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሁሉም ነገር ይገባታል፤ የሚቀረውን መጫወቻዋንና ዩኒፎርሟን ለማን እንደምትሰጥ እሷ ትምረጥ፣ በእጇም ትስጥ። የክፍል ጓደኞቿ ስማቸውንና የወላጆቻቸውን ስልክ የሚጽፉበት ደብተር ግዢላት። አማርኛ የሚያነቡበት መጽሐፍም ከሁለቱም ቦርሳ አይጥፋ፤ ፊደል የያዘ ተረት ሦስት አራት ይበቃል።

ጉዞው ላይ ቶሮንቶ ስትደርሱ የኢሚግሬሽኑ ጉዳይ እዚያው ያልቃል፣ ሻንጣውንም ተቀብላችሁ በጉምሩክ አልፋችሁ እንደገና ታስረክባላችሁ። ስድስት ሻንጣና ሁለት እንቅልፍ ያጡ ልጆች ይዞ ይህን ማድረግ ጊዜ ይወስዳል። በሁለቱ በረራዎች መካከል ያለው ሰዓት አጭር ከሆነ አሁን አስቀይሪው። ሻንጣዎቹ ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሪባቸው፣ ሴቷ ልጅ እየቆጠረች ታግዝሻለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ልብስ፣ የልጆቹ ፒጃማና ትንሽ ሽሮ አንድ ሻንጣ ላይ ይሁን፤ ስትደርሱ እሱን ብቻ ክፈቺ።

ይህን መልስ እንዳነበብሽ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ነገ ጠዋት ሬጅስትራር ሂጂ። ከዚያ ባለቤትሽ እናቱ ጋ እንዲደውል አድርጊ፣ ቤት የምታግዝሽንም ልጅ ቁጭ አድርገሽ አነጋግሪያት። ቅዳሜ አማትሽን ጥሪያቸው፣ ቡፌውንም አብራችሁ ክፈቱት። የሶፋውን ፎቶ ግሩፑ ላይ የምትለጥፊው እሳቸው መርጠው ከሄዱ በኋላ ነው።